ከልኩ የተረፈው ግድግዳ

ዛሬ የምንሸኛቸው እናት፣ አያት፣ እህትና የሥራ ባልደረባ በሁላችንም አንደበት «መሐንዲሷ» ነበሩ። ይህን ስም ያገኙት በአንድ አለመግባባት ስለሆነ ታሪካቸውም ከዚያው ቢጀምር ደስ ይላቸው ነበር።

ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1982 ዓ.ም. ነው። በጊዜው ወጣት የሥነ ሕንፃ ባለሙያ የነበሩት መሐንዲሷ፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል የተባለ አሮጌ መጋዘን እንዲለኩ ከመሥሪያ ቤታቸው ተላኩ። መጋዘኑን ተከራይተው የሚሠሩት አንድ ወጣት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሸክላ ሠሪው ደግሞ በዚያው ጠዋት አዲስ ሠልጣኝ ይጠብቁ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ከፈቱና ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት አዩ።

«አርፍደሻል» አሏቸው። «በይ ሽርጡን ልበሺና ግቢ።»

መሐንዲሷ ያለ ሽርጥ መግባት የተከለከለ መስሏቸው ለበሱ። ቀጥሎ አንድ ጉማጅ ጭቃ ፊታቸው ተቀመጠና እንዲያሹት ታዘዙ። ግድግዳው ከምን ዓይነት አፈር እንደተሠራ በእጃቸው እንዲያረጋግጡ የተፈለገ መሰላቸው። ግር ማለቱንስ ግር ብሏቸው ነበር፤ ነገር ግን ሰው ቤት ገብቶ በመጀመሪያው ቀን መከራከር ደግ አይደለም ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኩለ ቀን ሲቃረብ እውነተኛዋ ሠልጣኝ አውቶቡስ አምልጧት እያለከለከች ደረሰች።

«ታዲያ አንቺ ማነሽ?» አሉ ሸክላ ሠሪው።

«ግድግዳውን ልለካ የመጣሁ ነኝ።»

«መሐንዲስ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነገር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አል… ዝም አሉ?»

«ሽርጥ ሲሰጡኝ ደንቡ መሰለኝ።»

ሸክላ ሠሪው የታሸውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩት። «ለመሐንዲስ ግን ጥሩ ያሻሉ» አሉ።

በዚያች ቅጽበት ከአንቺ ወደ አንቱ የተሻገረው አነጋገር ወደ አንቺ ለመመለስ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ግድግዳም በዚያ አንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተለክቷል። የሥነ ሕንፃ ባለሙያና መሐንዲስ አንድ አለመሆናቸውን መሐንዲሷ በኋላ ባለቤታቸው ለሆኑት ለእኚሁ ሸክላ ሠሪ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስረዱ ኖረዋል። ባለቤታቸው በጥሞና ያዳምጡና «ገባኝ፣ መሐንዲሷ» ይላሉ። ስሙም በዚሁ ጸና።

መሐንዲሷ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በግንቦት ወር 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ያደጉት ከአንድ የጡብ መሸጫ በስተጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል መስኮት ሥር የእናታቸው የስፌት መኪና ይቀመጣል፤ በሌላኛው ክፍል በር ጀርባ አባታቸው የግንብ ቀጥታ የሚለኩበት ቱምቢ ከነገመዱ ይንጠለጠላል። ማንበብ ሳይችሉ የሜትር ቁጥር ያውቁ ነበር። የእናታቸውን የልብስ ሜትር ይዘው ያልለኩት ነገር አልነበረም። አንድ እሑድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸውን አጎታቸውን ከራስ እስከ እግር ለክተው፣ «አጎቴ ከሚለው ያጥራል» ብለው ለአክስታቸው መንገራቸው በቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይወራል። አጎት ተኝቶ የተለካ ሰው ልኩ አይታወቅም እያሉ እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል። አክስት ግን ማንን እንዳመኑ አልሸሸጉም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1974 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1979 ዓ.ም. በሥነ ሕንፃ በጥሩ ውጤት ተመርቀው በአንድ የሕንፃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ ሌሎች ባለሙያዎች በሚነድፏቸው ሕንፃዎች ውስጥ የሚገቡትን ደረጃዎች መንደፍ ነበር። ደረጃዎቻቸው መልካም ደረጃዎች ነበሩ፤ ማንም አልወደቀባቸውም። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነው። ሰው ወጥቶ ወርዶ ከሄደ በኋላ በአጠገቡ የነበረውን ግድግዳ አያስታውሰውም። እጅ ሊነካው የማይፈልገው ግድግዳ አጥር እንጂ ቤት አይደለም ይሉ ነበር። መጋዘኑን ሊለኩ ሲሄዱ ይህ ሐሳብ በልባቸው ነበረ፤ ከመጋዘኑ ሲመለሱ ደግሞ መልሱ ክንዳቸው ላይ ደርቆ ነበር።

ትዳር ሲታሰብ አባታቸው ደስ አላላቸውም። «አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩሽ ጭቃ ልታቦኪ ነው?» አሉ። «ጭቃማ እኔም ጋ ነበረልሽ! ያውም ያለ ፈተና!»

እናታቸው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ መለሱ። «አንተንስ ሳገባህ ምን ስታቦካ ነበር? የልጁስ በእሳት ያልፋል፤ ያንተ እኮ ዝናብ ሲመጣ ይሄዳል።»

አባት ዝናብ የወሰደው ግንብ እንደሌላቸው ለማስረዳት የከተማውን ግንቦች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ ወሬው ስለ ሠርጉ ቀን ሆኖ ጠበቃቸው። ጋብቻው በጥር ወር 1984 ዓ.ም. ተፈጸመ።

በመስከረም 1986 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ስንጥቁ በተጠገነው መጋዘን ውስጥ የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ። ታችኛው ወለል የሸክላ ሆነ፤ ከእንጨት ደረጃው በላይ ያለው ሰገነት የንድፍ ሆነ። ስሙንም «ታችና ላይ» አሉት። በተለመደው አሠራር ሸክላ ሠሪ የሚጠራው ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ ለጌጥ ነው። እነሱ ግን ሸክላው ቤቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ አብሮ እንዲታሰብ ፈለጉ፤ የመስኮት ደፍ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የዝናብ አሸንዳ ሳይቀር። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ኑሮው ግን የታች አቧራ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ የላይ ወረቀት ደግሞ ነፋስ በነካው ቁጥር ወርዶ ጭቃ ውስጥ የሚገባበት ነበር። ስለዚህ ደረጃው ሥር አንድ ባልዲ ውሃና ፎጣ ተቀመጠ፤ እጁን ሳይታጠብ ወደ ላይ የወጣ የዕለቱን ምሳ እንዲያበስል ተደነገገ። በመጀመሪያው ዓመት ምሳውን በአብዛኛው ያበሰሉት ባለቤታቸው ናቸው።

መሐንዲሷ ከመሥሪያ ቤታቸው የወጡት በአንድ ዓመት ፈቃድ ነበር። አለቃቸው ፈቃዱን ሲፈርሙ፣ «ጠረጴዛሽን ማንም አይነካብሽም፤ ዓመት ሳይሞላ ትመለሻለሽ» አሏቸው። አባታቸውም ከአለቃው ጋር ሳይተዋወቁ በአንድ ቃል ተስማሙ። መሐንዲሷ ጉዳዩን ለባለቤታቸው በግልጽ ነገሯቸው። ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ሙሉ ግድግዳ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ታይል፣ ሠርተው ካላቆሙ ወደ ጠረጴዛቸው ይመለሳሉ፤ «ታችና ላይ»ም ታች ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዎች ትንንሾች ነበሩ። ለአንድ ጥርስ ሐኪም የእጅ መታጠቢያ ሠሩ። ባለቤታቸው፣ ሕመምተኞቹ መታጠቢያውን ሲያዩ በገዛ ፈቃዳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ እያሉ ይቀልዱ ነበር። ግድግዳ ግን አልመጣም።

በየካቲት ወር የአንዲት የወሊድ ክሊኒክ ኃላፊ የሆኑ አዋላጅ ነርስ ወደ ስቱዲዮው መጡ። ማንም ሳይነግራቸው ባልዲው ጋ ቆመው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡና ደረጃውን ወጡ። መሐንዲሷ ገና ሳያናግሯቸው ወደዷቸው።

«የመጠበቂያ አዳራሼ ግድግዳ ባዶ ነው» አሉ አዋላጇ። «ሴቶቹ የሚያዩት ሲያጡ እርስ በርስ ይተያያሉ። እርስ በርስ ሲተያዩ ደግሞ ይፈራራሉ። እባካችሁ የሚያዩት ነገር ስጡልኝ።»

መሐንዲሷ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ የኮረብቶች መስመር ነደፉ። ዓይን አንዱን ኮረብታ ወጥቶ ሲወርድ ሌላው ይቀበለዋል። ባለቤታቸው ንድፉን ቁልቁል ወስደው ወደ ሸክላ መለወጥ ጀመሩ። ክሊኒኳ በነሐሴ መጨረሻ ልትከፈት ቀን ተቆርጦላታል፤ የፈቃዱ ዓመትም የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጭቃ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጭቃ ሲደርቅና በእሳት ሲያልፍ ይጠባል። ስለዚህ ባለቤታቸው የራሳቸው የእንጨት ሜትር ነበራቸው። በላዩ አሥር ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ አሥራ አንድ ያህል ነው። በእሱ ተለክቶ የተቆረጠ እርጥብ ጭቃ ከምድጃ ሲወጣ ትክክለኛ ልኩን ይይዛል። በስቱዲዮው ውስጥ «እርጥቡ ሜትር» ይባል ነበር። ላይ ቤት ያለው የተለመደው የብረት ሜትር ደግሞ «ደረቁ» ነው። መሐንዲሷ በደረቁ ይነድፋሉ፤ ባለቤታቸው በእርጥቡ ይቆርጣሉ። ይህ ሁሌም በሰላም ይሠራ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ሥራው ብዙ፣ የባለቤታቸውም ወገብ የታመመ ነበር። መሐንዲሷ በስሌት እንዳይደክሙ አሰቡላቸውና የሚጠበውን ያህል ራሳቸው ጨምረው ነደፉ። ምስጋናም ስላልፈለጉ ይህን አልነገሯቸውም። ባለቤታቸው በበኩላቸው ልኮቹ ሙሉ ቁጥር አለመሆናቸው ገርሟቸው ነበር። ነገር ግን መሐንዲሷ ቀን ተሌት ሲሠሩ እያዩ በጥያቄ ላስቸግራቸው አይገባም ብለው እንደ ልማዳቸው በእርጥቡ ሜትር ቆረጡ። አንድ ታይል ለብቻው ሲታይ ትርፉ ከጣት ስፋት አይበልጥም፤ ማንም አላስተዋለውም።

በነሐሴ መጀመሪያ ዝናብ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ የተተኮሱት ታይሎች ከመተከላቸው በፊት እንዲታዩ በግቢው መሬት ላይ በየረድፋቸው ተነጠፉ። ባለቤታቸው ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ደረጃውን ወጡ፤ እጃቸውን አልታጠቡም።

«መሐንዲሷ፣ ግድግዳው ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ ሜትር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዘጠኝ ነው። ለምን?»

«ታች ያለው አሥር ነው።»

መሐንዲሷ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ጨምረህ ነበር እንዴ?»

«እኔማ ሁሌ እጨምራለሁ! አንቺ ጨምረሽ ነበር?»

«እንዳትደክም ብዬ…»

«እኔም እንዳላስቸግርሽ ብዬ…»

እንደገና ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ ለማድረስ ከአንድ ወር በላይ ያስፈልጋል፤ ያ ጊዜ ደግሞ የለም። ግድግዳው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ተርፏል። የተረፈውን ቢቀንሱት የኮረብቶቹ መስመር ከአንድ ቦታ ይቋረጣል።

አባታቸው ወሬው ደርሷቸው መጡ። የተነጠፈውን ዙሪያውን ዞረው አዩና «ምን ያስጨንቃችኋል? ድንጋይ ሲተርፍ ይቆረጣላ!» አሉ። መቁረጫቸውን አምጥተው አንዱን ታይል ሞከሩ። ታይሉ ከተሰመረበት ሳይሆን ከኮረብታው መሐል ለሁለት ተከፈለ፤ የሚያብረቀርቀው ቅቡም ተላጠ። አባት ሁለቱን ቁራጮች እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ። «ይኼ ድንጋይ አይደለም» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መቁረጥ አላነሱም።

ግቢው ጠባብ ስለነበር የግድግዳው ታችኛው ረድፍ ቦታ አጥቶ በመጋዘኑ በር ፊት ካለው የድንጋይ እርከን ላይ ወጥቶ ነበር የተደረደረው። መሐንዲሷ የሚቀመጡበት ሲፈልጉ ያንን እርከን አዩ፤ በላዩ ያለውን ሳያዩ ተቀመጡ።

«ተነሺ! ታይሉ!» ብለው ጮኹ ባለቤታቸው።

መሐንዲሷ አልተነሱም። ወዲህ ወዲያ ወዘወዝ ብለው ሞከሩት። «አልተሰበረም» አሉ።

«አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም። እንዲያውም ይመቻል።»

«ጉድ እኮ ነው» አሉ አባት። «ሰው ሥራው ተበላሽቶበት ይመቻል ይላል!»

መሐንዲሷ ግን እርሳስ አምጡልኝ እያሉ ነበር። ግድግዳው ከመሬት አጠገብ ወደ ፊት ታጥፎ መቀመጫ ቢሆን የቁመቱ ትርፍ ያልቃል። ጫፉ ላይ ደግሞ ማዕዘኑን ዞሮ ወደ ኮሪደሩ ቢገባ የርዝመቱም ትርፍ ቦታ ያገኛል። በዚያው ቀን ወደ ክሊኒኳ ሄደው ፈቃድ ጠየቁ። አዋላጇ ኮሪደሩን ቆመው አዩት። «ይኼ ወደ ማዋለጃው የሚወስደው ነው» አሉ። «ሴቶቹ ሲሄዱ የሚይዙት የላቸውም። አዙሩት።»

ተከላው ሲጀመር አባት ሳይጠሩ ቱምቢያቸውን፣ ውሃ ልካቸውንና የግንብ ማንካቸውን ይዘው ተገኙ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እያጉረመረሙ ሠሩ። መቀመጫውን የገነቡትም እሳቸው ናቸው፤ «ነፍሰ ጡር የምትቀመጥበት ነገር በንድፍ አይቆምም» ብለው ማንንም አላስጠጉም።

ክሊኒኳ በተከፈተችበት ቀን ባልና ሚስቱ አዳራሹ ጥግ ቆመው ጠበቁ። የመጀመሪያዋ ሴት ገባች። ግድግዳውን አላየችውም። በቀጥታ ሄዳ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጎኗ አስቀመጠች፤ ያበጠ እግሯን ከጫማዋ አወጣች፤ ጀርባዋን ወደ ኋላ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«አላየችውም እኮ!» አሉ ባለቤታቸው በሹክሹክታ።

«ተደግፋዋለች» አሉ መሐንዲሷ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ሴትየዋ ተራዋ ደርሶ ስትጠራ መዳፏን ኮረብቶቹ ላይ አድርጋ፣ እየወጣችና እየወረደች፣ ማዕዘኑን ዞራ ሄደች። መሐንዲሷ በሕይወታቸው ካዩት ሁሉ ያንን እጅ የሚያህል እንደሌለ ይናገሩ ነበር።

የቀድሞው አለቃቸውም ከተጋበዙት አንዱ ነበሩ። መቀመጫውንና ማዕዘኑን በአድናቆት ካዩ በኋላ ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣላቸው ጠየቁ። መሐንዲሷ «በስህተት ነው» አሏቸው። አለቃው ትሕትና መሰላቸው፤ ለሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ትሑት ልጅ ናት» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። ሲሰነባበቱ ስለ ጠረጴዛው አነሱባቸው። መሐንዲሷም «ለሌላ ሰው ይስጡልኝ» አሉ። አባታቸው ይህን ከኋላ ቆመው ሰምተዋል። በማግስቱ ማለዳም የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ስቱዲዮው በር ላይ ቆመው ተገኙ። ዕድሜያቸው እስኪገታቸው ድረስ የ«ታችና ላይ» ግንበኛ እሳቸው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስቱዲዮው የአንድ ቤተ መጻሕፍት ደረጃ፣ የሁለት ትምህርት ቤቶች ኮሪደር፣ የአውቶቡስ መጠበቂያዎች፣ ብዙ ቤቶችና ቁጥራቸው የማይታወቅ የእጅ መታጠቢያዎች ሠርቷል። ሠራተኞቹ ከስድስት በልጠው አያውቁም። መሐንዲሷ ትልቅ እንዲሆን አልፈለጉም፤ ከላይ ሆነው ሲጣሩ ታች የማይሰማ ከሆነ ስቱዲዮ ሳይሆን ፋብሪካ ነው ይሉ ነበር። ሠልጣኝ ሲቀበሉ የምስክር ወረቀት ከማየታቸው በፊት ወንበር ሰጥተው ስለ አመቺነቱ ይጠይቁ ነበር። ለይሉኝታ «ይመቻል» ያለውን፣ ወንበሩ የሚቆረቁር መሆኑን እያወቁ፣ ደግመው ያስቀምጡታል።

በስቱዲዮው ውስጥም ማንኛውም ሥራ ከመቆረጡ በፊት ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው «ማን ጨመረ?» ተባብለው የሚጠያየቁበት ሥርዓት ተጀመረ። ጥያቄው ቀስ በቀስ ደረጃውን ወርዶ፣ በሩን ወጥቶ፣ ቤት ገባ። ወጥ ሁለት ጊዜ ጨው ሲገባበት «ማን ጨመረ?» ይባላል። ሁለት ልጆች ለአንድ ልደት አንድ ዓይነት ስጦታ ሲገዙ፣ ሁለት ሰው አንዱን አበባ ውሃ አጠጥቶ ሲያበሰብሰው «ማን ጨመረ?» ይባላል። በዚህ ቤት ጥያቄው የወቀሳ አይደለም። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ስለ አንድ ነገር እንዳሰቡ ማረጋገጫ ነው።

መሐንዲሷ በ1988፣ በ1991 እና በ1994 ዓ.ም. ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ ሦስቱንም በዚያችው ክሊኒክ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊወልዱ ኮሪደሩን ግድግዳውን ይዘው ሲሄዱ፣ በምጥ መካከል ቆም ብለው፣ ከኮረብቶቹ አንዱ ጋ የመገጣጠሚያው ሙሌት መሳሳቱን ለባለቤታቸው አሳይተዋል። አዋላጇ፣ «እመቤቴ፣ መጀመሪያ ይኼን እንጨርስ» ብለው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ሙሌቱ ልጅቷ በተወለደች በሳምንቱ ተስተካክሏል።

እንደ እናት ቁጡ አልነበሩም፤ ጠማማ ነገር ግን አይወዱም። የልጆቻቸውን ጸጉር ሲከፍሉ በዓይን ግምት ሳይሆን ከፊትም ከኋላም ቆመው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ስቱዲዮ ሲመጡ የፈለጉትን እንዲሠሩ ጭቃ ይሰጧቸዋል። የተሠራው ውሻ እግሩ ሦስት ቢሆን እንኳ አይቀይሩትም፤ የሚጠይቁት «ይቆማል ወይ?» ብቻ ነው። የሚቆም ከሆነ ወደ ምድጃ ይገባል። ሰው ቤት ሲጋበዙ ሰላምታ ሳይጨርሱ ግድግዳ የሚዳስሱ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ለዘፈን እንደማይሆን ሁሉም ይነግራቸዋል፤ ሲነድፉ ግን ይዘፍናሉ። ባለቤታቸው ታች ሆነው የዘፈኑ ከፍታና ዝቅታ ሥራው ምን ላይ እንደደረሰ ይነግራቸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሞች ደረጃ እንዳይወጡ ሲከለክሏቸው የመንደፊያ ጠረጴዛቸው ወደ ታች ወረደ፤ ሰገነቱን የሥነ ሕንፃ ባለሙያ የሆነችው የመጀመሪያ ልጃቸው ተረከበች። በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባልና ሚስቱ በአንድ ወለል ላይ ሠሩ። ባለቤታቸው ጭቃ ሲመቱ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል፤ መሐንዲሷ ሲዘፍኑ ደግሞ ባለቤታቸው የሚሸሹበት የላቸውም። ሁለቱም በየቀኑ ያማርሩ ነበር፤ ጠረጴዛው ይራቅ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ግን ሁለቱም አይሰሙም።

ያለፈው ክረምት ሕመማቸው ጸና። ስለ ራሳቸው ብዙ አልተጨነቁም። አንድ ቀን አልጋቸው አጠገብ ለተቀመጠችው የመጀመሪያ ልጃቸው የሚፈሩትን ነገሯት። «እኔ ስሄድ አባትሽ ሥራውን ይተዋል» አሏት። «ለማን ብዬ ይላል። እኔ አውቀዋለሁ።» ልጃቸው አባቷን ልታጽናናላቸው ቃል ለመግባት ስትጀምር አቋረጧት። «አታጽናኚው። ሥራ ስጪው።»

መሐንዲሷ ረቡዕ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ታላቅ ወንድማቸውንና በእጃቸው የሠለጠኑ በርካታ ባለሙያዎችን ትተዋል። ብዙ ሰው የተቀመጠበትንና የተደገፈውን ሥራም ትተዋል።

በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁ፣ ላገዛችሁንና ዛሬም ከእኛ ጋር ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ለደከመው ሁሉ ማረፊያ ሲያበጁ የኖሩትን እናታችንን፣ የፈጠራቸው አምላክ እሳቸውንም በመልካም ማረፊያ ይቀበልልን። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

ትናንት ጠዋት የመጀመሪያ ልጃቸው ለትምህርት ቤት የታዘዙት ታይሎች ደርቀው እሳት እየጠበቁ መሆናቸውን ለአባቷ ነገረቻቸው። ዘመድ ሁሉ እንዲቀመጡ ለመናቸው። እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ስቱዲዮው ሄዱና ምድጃውን ለኮሱ።